«ጉንፋን ነው፤ ያልፋል»
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ ከክረምት ዕረፍት በፊት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ነገር በዚህ መድረክ ላይ ዘወትር ከሚነሡት ታላላቅ ጉዳዮች ጋር ሲተያይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። የምንናገረው ስለ ሳል ነው። በባላገር ትምህርት ቤት ስለሚማር ልጅ ሳል፤ ስለ ጉሮሮውና ስለ ሳንባው። ከመካከላችሁ «ለዚህ ደግሞ ስብሰባ ምን ያስፈልገዋል?» የሚል ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም እዚህ እስክንመጣ ድረስ እንደዚያው እናስብ ነበርና።

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ተማሪዎች የመንዝ ልጆች ነን፤ የተማርነውም በአንድ ትምህርት ቤት ነው። መንዝን ላላየ ሰው፤ አገሩ ሦስት ሺህ ሜትር የሚደርስና የሚያልፍ ደጋ ነው። ዛፍ ስለ ተመናመነ ሰው ኩበት ያነዳል፤ በጉም ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። የክፍላችን መስኮት መዝጊያ አልነበረውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ መስኮቱን በጆንያ የደፈንነው እኛው ተማሪዎቹ ነን። ስልሳ ያህል ልጆች ሦስትና አራት እየሆንን በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፤ በሩን ዘግተን እንማር ነበር። አንዱ ሲስል ሌላው ይቀበለዋል፤ ያ ሲያቆም ሦስተኛው ይጀምራል። መምህራችንም አንዳንድ ቀን ሳሉ ጋብ እስኪል ጠመኔውን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ይህን ነገር በሽታ ብሎ የጠራው ሰው ግን አልነበረም። «ጉንፋን ነው፤ ያልፋል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው፤ ያልፋል። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ሳያልፍ ስለሚቀረው ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን አብራን የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን እዚህ አናነሣውም። በሒሳብ ሁላችንንም ትበልጠን ነበር። በጥር ወር ጉሮሮዋን አመማት፤ ምራቅ መዋጥ አቃታት፤ ትኩሳትም ያዛት። እንጥሏ ወርዷል ተባለና እንጥል ቆራጭ ዘንድ ተወሰደች። ሳምንት ያህል ቆይታ ተሽሏት ወደ ክፍል ተመለሰች። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጉልበቷ አብጦ ታነክስ ጀመር። የጉልበቷ እብጠት ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷን፤ ያም ሲተዋት ክርኗን ያማት ነበር። ቁርጥማት ነው፤ ብርድ ገብቷት ነው ተባለ። ያም አለፈ። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣውን አቀበት እንደ ድሮው ከእኛ ጋር መሮጥ ቀርቶ መውጣቱም አቃታት፤ እየቆመች ታርፍ ነበር። ዘግይታ ስትደርስ በዘገየ ተማሪ ደንብ ከደጅ ትቆማለች፤ እኛም ሰነፈች እያልን ስቀንባታል። ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰችም። ዘመዶቿ በመጨረሻ ከተማ ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ልቧ ተጎድቷል ተባሉ። እኛ የመልቀቂያ ፈተና በተቀመጥንበት ዓመት ዐረፈች።

ይህን ያነሣነው ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ከሦስታችን አንዱ የሕክምና ተማሪ ነው። አንድ ምሽት መጽሐፉን ይዞ ወደ መኝታ ክፍላችን መጣና «የእርሷ ነገር እኮ እዚህ ተጽፏል» አለን። ተሰብስበን አነበብነው። የጉሮሮው ሕመም፤ በመካከል ያለፉት ሳምንታት፤ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዛወረው እብጠት፤ ከዚያም በኋላ የሚመጣው የትንፋሽ ማጠር ሁሉም በተራ በተራው ተጽፎ ነበር። መድኃኒቱም ተጽፎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ መድኃኒት ሳይሻ በራሱ ይድናል። ከፊሉ ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ይህ ባክቴሪያ ጉሮሮን በይበልጥ የሚያጠቃው ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው፤ ማለት በትክክል በተማሪዎች ላይ። በቶሎ የሚዛመተውም ሰው ተጨናንቆ በሚውልበትና በሚያድርበት ስፍራ ነው። ሰውነት ይህን ጠላት ለመዋጋት የሚያዘጋጀው ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳትና የገዛ ራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ በልብ ላይ ግን ጠባሳ ሊቀር ይችላል። በልብ ውስጥ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁ፤ ቫልቭ የሚባሉ በሮች አሉ። እነዚህ በሮች ሲጠብቡ ወይም አልገጥም ሲሉ ልብ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ በመጨረሻም ይደክማል። በሽታው በተመላለሰ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል።

ይሁን እንጂ ጉሮሮው መታመም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ ዘጠኝ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተገቢው የፔኒሲሊን ሕክምና ከተጀመረለት ልጁን ከዚህ ጣጣ ማዳን ይቻላል። አንድ ጊዜ መገጣጠሚያው ያበጠበት ልጅ እንኳ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ቢወስድ ሁለተኛው ጥቃት እንዳይመጣበት መከላከያ አለው። ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኘው በ1928 ነው (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ነው። እንግዲህ የክፍል ጓደኛችን የሞተችው መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ይዟት አልነበረም። በዘጠኙ ቀን ውስጥ «ይህ ጉሮሮ ሐኪም ይየው» የሚል አንድ ሰው ስላልነበረ ነው። ከክፍሉ ስልሳ ልጆች፤ ከመምህራኑም፤ ከጎረቤቱም አንድ ሰው።

ታዲያ የትኛው ጉሮሮ ነው የሚያሠጋው? ይህን ለይቶ የሚቈርጠው ሐኪም ነው፤ ሆኖም ማንም ሊያውቀው የሚገባ ምልክት አለ። ልጁ ንፍጥና ሳል ካለበት፤ ድምፁም ከጎረነነ፤ ብዙውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው። ንፍጥም ሳልም ሳይኖር በድንገት ትኩሳት ከያዘው፤ መዋጥ ካቃተው፤ ከመንጋጋው በታች አንገቱ ላይ እጢ ካበጠና ሲነኩት ካመመው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ በሽታ አይረዳም፤ ደም ያፈሳል፤ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭም ሌላ በሽታ ያስገባል።

አሁን ከጉሮሮ ወደ ሳንባ እንውረድ። ሐኪሞች ኒሞኒያ የሚሉትን በሽታ በአማርኛ «የሳንባ ምች» እንለዋለን። ባላገር ግን «ምች» የሚለውን ቃል ከሐኪም አልተማረውም፤ የራሱ ነው። ለእርሱ ምች ማለት ፀሐይ የመታው ሰው የሚይዘው ትኩሳትና ራስ ምታት፤ በከንፈርም ላይ የሚወጣው ቁስል ነው። መድኃኒቱም ከጓሮ የሚቀጠፍ ዳማከሴ ነው። ስለዚህ «ልጅሽን የሳንባ ምች ይዞታል» የተባለች እናት ወደ ጤና ኬላ በመሄድ ፈንታ ወደ ጓሮዋ ብትሄድ ሊያስደንቀን አይገባም። ወደ ጓሮ የሚመራ ቃል የሰጠናት እኛ የተማርነው ነን። ይልቅስ በዓይኗ የምታየውን ብንነግራት ይሻል ነበር፤ ትንፋሹ ሲፈጥን፤ ሲተነፍስም የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ፤ መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፤ ከንፈሩ ሲጠቁር፤ ጊዜ የለም።

የትንፋሹን ፍጥነት ማንም ሰዓት ያለው ሰው ሊቈጥረው ይችላል። ሕፃኑ ሳያለቅስ፤ ጸጥ ባለበት ሰዓት፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፤ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል ይባላል። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ይህን መቁጠር አያቅተውም።

«ይህ የሕፃናት ነገር ነው፤ ተማሪውን ምን አገባው?» ትሉን ይሆናል። የባላገር ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታናሽ እኅቱን የሚያዝለው እርሱ አይደለምን? ከክፍል ያመጣውን ጉንፋን የሚያካፍለው ለእርሷ ነው። በእርሱ ላይ ሳል ሆኖ የሚያልፈው በእርሷ ላይ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 በዓለም ላይ 740,180 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ሞተዋል። ይህም በዚያ ዕድሜ ከሞቱት ከመቶው 14 እጅ ነው።

ይህ በሽታ ድኻውን ቤት ለይቶ የሚያንኳኳው ስለ ምንድር ነው? ፊተኛው ምክንያት ጭስ ነው። እናቶቻችን የሚያበስሉት ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት ነው፤ ሕፃኑም በጀርባቸው ላይ ነው። ኩበት ደግሞ ከእንጨት ይልቅ ያጨሳል። ይኸው ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ የሚያድግ ሕፃን በዚህ ዓይነት የሳንባ በሽታ የመያዝ አደጋው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ነገር ግን የችኰላ ተስፋ እንዳንሰጥ እንጠንቀቅ። በጓቲማላ ተራሮች ተደርጎ ውጤቱ በ2011 የታተመ ጥናት ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከባዱን የሳንባ ምች በሲሶ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በማላዊ ገጠር ተደርጎ በ2016 የታተመው ሌላ ጥናት ግን የተሻሻለ የእንጨት ምድጃ ማደል ብቻውን የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አስረድቷል። ከዚህ የምንማረው ምድጃ አድለን ፎቶግራፍ ተነሥተን መመለስ ሥራ እንዳልሆነ ነው። ጭሱ ጥቂት ቀነሰ ማለት ልጁ ዳነ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የተደፈነ ቤትና የተደፈነ ክፍል ነው። በዚህ ነገር ባላገሩን ብቻ አንውቀስ፤ ዛሬ ወደዚህ ስንመጣ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደ ተባለ ሁላችንም እናውቃለን። «ንፋስ ይመታናል!» ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ተዋሲ ነው፤ ብርዱ ይልቁንም አንድ ላይ አፍኖ ስለሚሰበስበን ያጋባናል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የአንዱ እስትንፋስ የሌላው ነው። የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል «ጉንፋን ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

በመንዝ ውርጭ መስኮት ክፈቱ ማለት ቀላል እንዳልሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በየዕረፍቱ በርና መስኮቱን ከፍቶ አየሩን መለወጥ፤ ፀሐይ ስትሞቅ ትምህርቱን ከደጅ ማድረግ፤ አዲስ ክፍል ሲሠራም ከጣራው ሥር በሁለት ወገን የአየር መተላለፊያ መተው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛው እጅ ነው። ሳንባን ከእጅ ጋር ምን ያገናኘዋል? እኛም ጠይቀን ነበር። በፓኪስታን ከተማ በካራቺ በድኾች ሰፈር ተደርጎ በ2005 የታተመ ጥናት እጅ በሳሙና መታጠብን በተማሩና ሳሙና በተሰጣቸው ቤቶች የሕፃናት የሳንባ ምች በግማሽ ቀንሶ እንደ ተገኘ ያስረዳል። ንፍጡን በእጁ የጠረገ ልጅ በዚያው እጁ ታናሹን ያጎርሳልና።

አራተኛውና ከሁሉ በታች ያለው ድህነት ነው። በዚህ ነገር አንዳንድ ጓደኞቻችን ሲወቅሱን ሰምተናል። «ሥሩን ትታችሁ ቅጠሉን ትመለምላላችሁ፤ በቂ ምግብ፤ ሰፊ ቤትና መብራት ያለው ልጅ ይህ ሁሉ አይደርስበትም» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ማስረጃ እንጨምርላቸው፤ በአውሮፓ ያ ከጉሮሮ ወደ ልብ የሚወርደው በሽታ መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት፤ የሕዝቡ ኑሮና ቤት ሲሻሻል ነው። ስለዚህ ስለ ሥሩ የሚደረገውን ክርክር አንተወውም። ነገር ግን ሥሩ እስኪነቀል ስንት የጥር ወር ያልፋል? የክፍል ጓደኛችን የነበራት ዘጠኝ ቀን ነበር። የኑሮ ለውጥ እስኪመጣ ጠብቂ ልንላት አንችልም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ዛሬ በእጃችን ያለውን ቅጠል ዛሬ መያዝ ግዴታችን ነው።

በእጃችን ያለውም ጥቂት አይደለም። በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፤ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ሲልክ ሐኪም ባልነበረበት አገር በሽታን አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል አስተምሮናል። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ልጆች ሠልጥነው በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከ2010 ወዲህም እነዚህ እኅቶቻችን የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል። ለሳንባ ምች መነሻ ከሆኑት ባክቴሪያዎች የሁለቱ ክትባት ወደ አገራችን ገብቷል፤ አንደኛው በ2007፤ ሁለተኛው በ2011። እንግዲህ የጎደለው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። በቤቱና በጤና ኬላው መካከል ያለውን መንገድ የሚያሳጥር ሰው ነው የጎደለው። ያ ሰው ደግሞ በየዓመቱ ክረምት ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ሁለት ወር ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ስለ ከተማ ያወራል፤ ከዚያም ይመለሳል። እኛ ነን።

የቀድሞዎቹ ታላላቆቻችን፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፤ ከ1964 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር። እኛ የምንለምናችሁ አንድ ዓመት አይደለም፤ ከክረምቱ ጥቂት ቀን ነው። ሐሳባችንም ይህ ነው።

አንደኛ፤ የሕክምና መምህሮቻችን አርመው የሚፈቅዱት አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ እናዘጋጅ። ሌላ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ያላችሁ ደግሞ በዚያው ቋንቋ አዘጋጁት። ጋዜጣችን በሚታተምበት ማባዣ ይባዛ። ቃሉ የመጽሐፍ ቃል አይሁን፤ እናቶቻችን የሚሉት ቃል ይሁን። የጉሮሮው ምልክት፤ ዘጠኙ ቀን፤ የትንፋሹ ቁጥር፤ ሁለት ሳምንት የቆየው ሳል፤ የሕፃናቱ ክትባት ይጻፍበት።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዳችን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት ሄደን ርእሰ መምህሩንና የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናነጋግር። ከእነርሱ በላይ ሆነን ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ሆነን። መስከረም ትምህርት ሲጀመር ጽሑፉ በየክፍሉ እንዲነበብ አደራ እንበል።

ሦስተኛ፤ መድኃኒት ይዘን አንሂድ። ከሱቅ የተገዛ አንድ ሁለት ካፕሱል ለተራ ጉንፋን አይጠቅምም፤ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ያስለምደዋል። ለአንዳንድ ሰውም ፔኒሲሊን የማይስማማ ስለ ሆነ ያለ ሐኪም አይሰጥም። የእኛ ሥራ መንገድ ማሳየት ነው።

አራተኛ፤ ያየነውን ጽፈን እንመለስ። የትምህርት ቤቱ መስኮት ስንት ነው? ይከፈታል ወይስ ተደፍኗል? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይቀመጣል? ውኃና ሳሙና አለ? ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት ይርቃል? በጥቅምት ይህን ሰብስበን በዚሁ ጋዜጣ እናውጣው፤ ለሚመለከታቸውም እናቅርበው። ስለ ሥሩ የሚከራከሩት ጓደኞቻችንም ያን ጊዜ በእጃቸው የሚይዙት ማስረጃ ያገኛሉ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ከእኛ መካከል በዚያች ልጅ ሞት የሚፈረድበት የለም፤ ማናችንም አናውቅም ነበርና። ከዛሬ በኋላ ግን አናውቅም ማለት አንችልም። በመጪው ጥር አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ሰው ቀኑን መቁጠር እንዲጀምር ማድረግ እንችላለን። ስለ እርሱ ነው የለመንናችሁ።